የጫማዋ ቁጥር

ጠብቄ ጠብቄ፣ ጠበቃ ልይዝ ሄድኩ፤
ሌላ ቀን በምነዳው፣ በስምንት ቁጥር ላይ፣ ከኋላ ተሳፈርኩ።
ኤድመንተን፣ የካቲት። ጎዳናው ጨው ለብሶ፣
በረዶው በየዳር፣ እንደ ፈረሰ ቤት፣ ጠቁሮ ተግበስብሶ።
በእጄ አንድ ፌስታል፤ ፌስታሉ ውስጥ ደግሞ፣ የባንክ ወረቀት፣
በጎማ የታሰረ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ቂም፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት።

ከጥርስ ሐኪም በላይ፣ ጠባብ ደረጃ ነው። ወይዘሮ ጊል አለች።
"ተቀመጥ" ሳትለኝ፣ "አሸንፊልኝ" አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠች።
"ቤቱን እፈልጋለሁ። መኪናውን። ልጄን።"
"በዚህ ቅደም ተከተል?" ብላ መለሰችልኝ፣ የራሴን ቃሌን።

"ልንገርህ" አለችኝ፣ "ሽማግሌ አይደለሁም።
ግማሽ ሰዓት በነፃ። ከዚያ ወዲያ ጊዜዬ፣
በስድስት በስድስት ደቂቃ ይቆረጣል።
እንባም ይቆጠራል። ማልቀስ ከፈለግህ፣ አውቶቡስህ አለ።"
ሳቄ መጣና ዋጥኩት፤
ሳቅም በዚህ ቢሮ ይከፈልበት ይሆናል እያልኩ።

አሥራ አራት ዓመት ነው፣ በቋንቋቸው ስነዳ፤
የሕጉ ቃል ሲመጣ፣ ያ ሁሉ ቋንቋ ጥሎኝ፣ ሆንኩኝ እንግዳ።
"ፍቺ" በእኛ አፍ፣ ትዳርም ሕልምም፣ ቃልም የሚፈታበት፣
አንድ ስም ነው። እሷም፣ ያንን ውሉ የጠፋ፣ የቃል ልቃቂት፣
ከጫፉ ይዛ ፈታች፦
"ቀብድ ይሄ ነው፤ በአደራ ሂሳብ ውስጥ፣ በስምህ ይቀመጣል፤
ሠርቼ እቀንሳለሁ፤ ካለቀ ትሞላለህ፣ ከተረፈ ይመለሳል።
በትዳር የመጣ ቤት፣ በማንም ስም ይሁን፣ የሁለት ነው ይባላል።
ለአንድ ብረት ድስት፣ ብትከራከሩ ግን፣ የእኔ ሂሳብ ብቻ፣ አሥር ድስት ይገዛል።
ስለ ልጅ ከሆነ፣ ማሸነፍ የሚሉት፣ ቃል የለም በሕጉ፤
ጊዜዋ ነው የሚከፈል። ለእሷ የሚበጃትን፣ ያንን ነው ዳኞቹ፣ የሚፈልጉ።"

አያቴ ሙግት አዋቂ ነበር። በእሱ ዘመን፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ኩታቸው ተቋጥሮ፣
ዳኛ እስኪያገኙ፣ አንድ መንገድ ሄዱ አሉ፣ እግር ከእግር አብሮ።
እኔና ሰናይት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ፍሪጅ ስንበላ፣
የምንነጋገረው፣ በኢሜይል ብቻ ነው፣ ቃል የለንም ሌላ።
"ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ" ይል ነበር አያቴ፤
እኔ ጭብጦዋንም በቅሎዋንም ለእኔ አልኩ፣ አይ ድፍረቴ!

ብዕሯን አነሳች። "እሺ፣ ስለ ልጅህ። ስሟ?"
"ፅዮናዊት።"
"ዕድሜዋ?"
"ስምንት። በግንቦት ዘጠኝ።"
"አስተማሪዋ ማን ናት?"
"መነጽር... መነጽር አላት።"
"ሌሊት ስትነቃ፣ ማንን ነው የምትጠራው?"
"ማታ እሠራለሁ።"
"የጫማዋ ቁጥር?"

ዝም።
ግድግዳው ላይ ሰዓት፣ ቀጭን እግሩን ይዞ፣ ዙሪያውን ሄደበት።
የስድስት ጎማ ንፋስ፣ ልኩን አውቃለሁ፤ በየትኛው ብርድ፣ ስንት እንደሚቀንስበት።
የትኛው ማቆሚያ ላይ፣ የትኛዋ አሮጊት፣ ስንት እርምጃ እንደሚቀራት፤
የልጄ እግር ግን፣ በእኔ ቤት አድጎ፣ ልኩን አላውቅላት።

"አይዞህ" አላለችኝም። "ጻፈው" አለች፤
"የምታውቀውን በቀኝ፣ የማታውቀውን በግራ።
ግራው ሲያጥር ተመለስ።"
ቀብዱን ተቀበለች። ደረሰኝ ቆረጠች።
ሠላሳ አራት ደቂቃ ሆኖ ነበር፤
አራቱን እንዳላየች አለፈች።

ማቆሚያው ላይ ቆሜ፣ ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ ጻፍኩ፦
"የፅዮናዊት ጫማ ስንት ቁጥር ነው?"
ሦስት ነጥብ ታየ። ጠፋ። ደግሞ ታየ።
ስምንት ቁጥር መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ።
"ሁለት ከግማሽ" አለች ሰናይት።
"ግን ግራው ይጠባታል።
ነግራህ ነበር።"